ቢጫ አምፖል ስር ሲነሳ የሚመጣን ኖይዝ በሰማያዊ ፊልተር መቀነስ፦ ደረጃ በደረጃ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ካሜራዬ ትራይፖድ ላይ ነው፣ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው የስሜት መጠን) 100 ነው፣ ታዲያ ቤት ውስጥ ያነሳሁት ፎቶ ጥላው ላይ ይህን ሁሉ ነጠብጣብ ከየት አመጣው?» ጠያቂዎቹ ሥዕላቸውን እቤታቸው የሚያነሱ ሠዓሊዎች፣ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል የሚያነሱ ፎቶግራፈሮች፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እንዲያነሱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ናቸው። የሁሉም ችግር ከቢጫው መብራት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ነጠብጣቡ (ኖይዙ) ከየት ይመጣል

የካሜራው ሴንሰር ብርሃንን በሦስት ዓይነት ሴሎች ይለካል፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። የተለመደው ባለ ክር አምፖል የብርሃኑ ቀለም ከ2700 እስከ 2900 ኬልቪን ነው። ሃሎጅን ፓውዛ ከ3000 እስከ 3200፣ የቀትር ፀሐይ 5500 ገደማ ይደርሳል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን በብርሃኑ ውስጥ ያለው ቀይ ይበዛል፣ ሰማያዊው ያንሳል።

ስለዚህ ቢጫ አምፖል ስር ቀይና አረንጓዴ ሴሎች ቶሎ ይሞላሉ፣ ሰማያዊዎቹ ግን ገና ከታች ናቸው። ካሜራው ወይም ኮምፒውተራችሁ ነጩን ነጭ ለማድረግ የሰማያዊውን ቁጥር ያበዛዋል፤ ብዙ ካሜራዎች ላይ ከ2 እጥፍ በላይ። ቁጥሩ ሲባዛ በውስጡ ያለው ኖይዝም አብሮ ይባዛል። ጥቁር መጋረጃ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ወይም የክፍሉ ጥግ ላይ የምታዩት ነጠብጣብ አብዛኛው የመጣው ከዚያ ነው።

ሦስት ጀሪካን ሦስት ቧንቧ ስር እንዳስቀመጣችሁ አስቡት። ሁለቱ ቧንቧ በደንብ ይፈሳል፣ ሦስተኛው ይንጠባጠባል፤ ግን የመጀመሪያው ጀሪካን ሲሞላ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መዝጋት አለባችሁ። ሰማያዊው ፊልተር የሁለቱን ኃይለኛ ቧንቧ ጠበብ ያደርግላችኋል። ያን ጊዜ ሦስተኛው እስኪሞላ ለመጠበቅ ጊዜ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፊልተሩ ሰማያዊ ብርሃን አይጨምርም። ቀዩን በብዛት፣ አረንጓዴውን በመጠኑ ይከለክላል፤ ከሰማያዊውም ትንሽ ይወስዳል። ጥቅሙ የሚመጣው በተከለከለው ልክ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ስታረዝሙ ብቻ ነው። ሻተሩን ማርዘም ካልቻላችሁ ፊልተሩ ይጎዳችኋል።

ለእናንተ ሥራ ይሆናል ወይ?

ይሆናል፣ የምታነሱት ነገር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከተቀመጠ፣ መብራቱም ባለ ክር አምፖል፣ ሃሎጅን፣ ሻማ ወይም ጧፍ ከሆነ።

ሠርግ፣ ልደት፣ ሕፃናት፣ በአጠቃላይ በእጅ ይዛችሁ የምታነሱት ነገር ላይ አትሞክሩት። ዋናው ፊልተር (ከታች የምነግራችሁ 80ኤ) 2 ስቶፕ ይወስዳል፣ ማለትም ብርሃኑን ሩብ ያደርሰዋል፤ አይኤስኦ 1600 ላይ ስታነሱ የነበረው ወደ 6400 ይወጣል። ውጤቱ ያለ ፊልተር ካነሳችሁት የባሰ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይሻላችኋል።

መብራቱ ነጩ 6500 ኬልቪን ኤልኢዲ ከሆነ ሰማያዊ ፊልተር አያስፈልግም፤ ያ መብራት ሰማያዊ ሞልቶታል። ቢጫው ኤልኢዲ በመካከል ነው፤ ስለ እሱ ከታች እመለሳለሁ። ረጅሙ የፍሎረሰንት ሸምበቆ ችግሩ አረንጓዴ ስለሚበዛበት ሌላ ፊልተር ይፈልጋል፦ ኤፍኤል-ዲ የሚባለው፣ ሐምራዊ ሮዝ መልክ ያለው። የመንገድ ላይ ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ግን ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያወጣ ምንም ፊልተር አያድነውም።

አንድ ምክር ከሁሉ በፊት፦ ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና አምፖሉን መቀየር ከቻላችሁ፣ ቀይሩት። የቀለም ጥራቱ ከፍ ያለ፣ 5000 ኬልቪን አካባቢ የሆነ ኤልኢዲ ከየትኛውም ፊልተር የበለጠ ይሠራል። ፊልተሩ የሚያስፈልገው መብራቱን መንካት በማትችሉበት ቦታ ነው፤ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሙዚየም፣ የሰው ቤት። ወይም ቢጫው ድምቀት ራሱ የክፍሉ መልክ ስለሆነ እንዲቀየር በማትፈልጉበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሻተሩን፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦውን በእጅ መወሰን የሚቻልበት፣ ሮው ፋይል (ሴንሰሩ የለካውን እንዳለ የሚይዝ) የሚቀርጽ ካሜራ
- የማይወዛወዝ ትራይፖድ
- 80ኤ የሚል ቁጥር ያለው ሰማያዊ የመስታወት ፊልተር (ቢ ፕላስ ደብሊው የሚባለው ኩባንያ ኬቢ15 ብሎ ይጠራዋል)
- ፊልተሩ ከሌንሱ ከሰፋ፣ ማስተካከያ ቀለበት
- ግራጫ ካርድ (ካሜራው ነጩን እንዲያስተካክልበት)
- ሪሞት፣ ከሌለ የካሜራው የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ
- ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ

ስለ ፊልተሩ ቁጥር ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

80ኤ የ3200 ኬልቪን ብርሃንን ወደ 5500 ያመጣል፣ 2 ስቶፕ ይወስዳል። 80ቢ ከ3400 ወደ 5500 ነው፣ ከ1 ስቶፕ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። 80ሲ ከ3800 ይጀምራል፣ 1 ስቶፕ ይወስዳል። 82ኤ፣ 82ቢ እና 82ሲ በጣም ፈዛዛ ናቸው፤ ለብቻቸው ከሆኑ ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅሙም። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ 2 ስቶፕ ሲሆን ሩብ ብቻ ይቀራል።

የቤት አምፖል 2800 ኬልቪን ከሆነ 80ኤ ብቻውን እስከ 5500 አያደርሰውም፤ 4400 አካባቢ ያቆመዋል። ሙሉ በሙሉ ለማድረስ 80ኤ እና 82ሲ መደራረብ ይቻላል፤ ሒሳቡ በትክክል ይገጥማል። እኔ ግን አልመክረውም። ሁለት መስታወት ሲደራረብ የብርሃን ነጸብራቅ ይጨምራል፣ ሰፊ ሌንስ ላይ ደግሞ ጥጎቹ ይጠቁራሉ። ዋናውን ሸክም 80ኤ ካነሳ የቀረውን ዋይት ባላንሱ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው ማስተካከያ) ያለ ብዙ ጉዳት ይጨርሰዋል።

ስትገዙ ቀለሙን በዓይናችሁ እዩ። 85 እና 81 የሚል ቁጥር ያላቸው ብርቱካናማ ናቸው፣ ሥራቸውም ተቃራኒው ነው። የሌንሳችሁን ስፋት ለማወቅ ሌንሱ ፊት ላይ ክብ ላይ ሰረዝ ያለበትን ምልክት ፈልጉ፤ አጠገቡ 52፣ 58፣ 67፣ 77 የመሰለ ቁጥር አለ። ከአንድ በላይ ሌንስ ካላችሁ ፊልተሩን ለሰፊው ግዙና ለሌሎቹ ቀለበት ጨምሩ፤ ቀለበት ርካሽ ነው። በፊልም ዘመን በብዛት የተሸጡ ፊልተሮች ስለሆኑ ያገለገለ መግዛት አያስፈራም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ቁጥሩንና ስፋቱን ጽፋችሁ ላኩለት። ያገለገለ ሲሆን ወደ ብርሃን አንሱና ጭረት እንደሌለው፣ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን አረጋግጡ።

አሠራሩ

1. መብራቱን አንድ ዓይነት አድርጉ። መጋረጃውን ዝጉ፣ ነጭ ኤልኢዲ ካለ አጥፉ፣ ከጎረቤት ክፍል የሚገባውን ብርሃን በሩን በመዝጋት ከልክሉ። ምክንያቱ፦ ፊልተሩ የሚገባው ለቢጫው ብርሃን ብቻ ነው። በመስኮት የገባ የቀን ብርሃን በሰማያዊ ፊልተር ሲያልፍ ውኃ ሰማያዊ ይሆናል፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል።

2. መብራቱን እስከ መጨረሻው አብሩት። ማደብዘዣ ካለው ሙሉ ለሙሉ ክፈቱት። ባለ ክር አምፖል ሲደበዝዝ ብርሃኑ ከመቀነሱም በላይ ይቀላል፤ ያለችውም ሰማያዊ ትጠፋለች። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ሲዳከም የምታዩት የአምፖል መቅላት ይኸው ነው። ከተቻለ ኃይሉ በሚረጋበት ሰዓት ሥሩ።

3. ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጡ፣ የሌንሱን የንዝረት መከላከያ አጥፉ። ካሜራው በማይንቀሳቀስበት ጊዜ አንዳንድ ሌንሶች የሌለ ንዝረት ፍለጋ ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ፎቶውም ይደበዝዛል።

4. ሮው ምረጡ፣ አይኤስኦውን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። አብዛኛው ካሜራ ላይ 100 ነው፣ አንዳንዱ ላይ 64 ወይም 200። ሴሎቹ በጣም ብዙ ብርሃን መያዝ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው። አይኤስኦው ወደ ላይ ከሄደ በፊልተሩ ያገኛችሁትን መልሳችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። «አውቶ አይኤስኦ» መጥፋቱን ደግማችሁ እዩ፤ ብዙ ካሜራ ማኑዋል ላይ ሆኖም ሊሠራ ይችላል።

5. አፐርቸሩን ወስኑ። ለሥዕልና ለክፍል ኤፍ 8 ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በኋላ አትንኩት፤ የሚቀየረው ሻተር ብቻ ይሁን።

6. ፊልተሩን ከማሰራችሁ በፊት ፎከስ አድርጉ። ፊልተሩ ብርሃኑን ሩብ ስለሚያደርሰው ካሜራው ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎከስ ፍለጋ ይንከራተታል። ፎከሱ ሲያዝ ሌንሱን ወደ ማኑዋል ቀይሩ።

7. ያለ ፊልተር አንድ ማነጻጸሪያ አንሱ። ግራጫውን ካርድ ሥዕሉ አጠገብ አቁማችሁ ዋይት ባላንሱን በካርዱ ወስኑ። ከዚያ ሻተሩን ቀስ በቀስ እያረዘማችሁ አንሱ። ካሜራው ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳይ ሂስቶግራም (የብርሃን መጠን ግራፍ፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ደማቅ ነው) አለው፤ እሱን ክፈቱ። ከሦስቱ አንዱ የቀኝ ጠርዙን ሲነካ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ያን ቁጥር ጻፉት። በምሳሌ ግማሽ ሰከንድ ሆነ እንበል።

8. ፊልተሩን እሰሩ። ሌንሱ ላይ የዩቪ ፊልተር ካለ መጀመሪያ አውጡት። ክሩ ሲገጥም በሁለት ጣት ብቻ አዙሩ፤ ከጠበቀ መፍታቱ ያስቸግራል። ስታስሩት የሌንሱ ፎከስ ወይም ዙም ሊንቀሳቀስ ስለሚችል በስክሪኑ አጉልታችሁ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

9. ዋይት ባላንሱን በፊልተሩ ውስጥ እንደ አዲስ ወስኑ። ሮው ላይ ዋይት ባላንስ መረጃውን አይቀይረውም፣ ግን ሂስቶግራሙን ይቀይረዋል። የምትመሩት በሂስቶግራሙ ስለሆነ የተሳሳተ ዋይት ባላንስ የተሳሳተ ሻተር ያስመርጣችኋል። በካርድ መወሰን ካልቻላችሁ ሃሎጅን ስር «የቀን ብርሃን» የሚለውን፣ የቤት አምፖል ስር 4400 ኬልቪን ገደማ ምረጡ።

10. ሻተሩን አርዝሙ። የዚህ ሁሉ ሥራ ፍሬ እዚህ ነው። ግማሽ ሰከንድ የነበረው በ80ኤ 2 ሰከንድ፣ በ80ቢ 1.6 ሰከንድ፣ በ80ሲ 1 ሰከንድ ይሆናል። ይህ መነሻ ነው፤ ከዚያ እንደገና በሂስቶግራሙ እስከ ቀኝ ጠርዝ ተጠጉ። የቀለሞቹ ኮረብታዎች ወደ ቀኝ ሲጠጉ ሰማያዊ ሴሎቹ ያለ ፊልተር ካነሳችሁበት ጊዜ የበለጠ ብርሃን ይዘዋል። ብርሃኑ እጥፍ ከሆነ የምስሉ ጥራት ከኖይዙ አንጻር 1.4 ጊዜ ገደማ ይሻሻላል፤ በዓይን የሚታይ ልዩነት ነው።

 በፎቶው ውስጥ የበራ አምፖል ከገባ አምፖሉ ራሱ ነጭ መሆኑ አይቀርም። እሱን ለማዳን ብላችሁ ሻተሩን አታሳጥሩ፤ የምትጠብቁት የግድግዳውን፣ የጨርቁንና የሥዕሉን ድምቀት ነው።

11. በሪሞት ወይም በ2 ሰከንድ ቆጣሪ አንሱ፣ ራሳችሁም አትንቀሳቀሱ። የእንጨት ወለል ላይ ከሆናችሁ እርምጃችሁ ትራይፖዱን ያናውጠዋል።

12. አነጻጽሩ። ሁለቱን ፎቶ በኮምፒውተር ክፈቱ፣ ሁለቱንም በግራጫው ካርድ ወደ ነጭ አምጡ፣ ድምቀታቸውን እኩል አድርጉ። ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ካላችሁ ከቀለም ቻናሎቹ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ሰማያዊውን ብቻ ክፈቱና 100 በመቶ አጉልታችሁ ጥላውን እዩ። በሙሉ ቀለም የማይታየው ልዩነት እዚያ ላይ ግልጽ ነው። ልዩነት ካላያችሁ ብዙውን ጊዜ 10ኛው ላይ ሻተሩን በበቂ አላረዘማችሁም።

ማስጠንቀቂያ

ሃሎጅን ፓውዛ በጣም ይሞቃል። አንዳንዶች ፊልተር ከመግዛት ሰማያዊ ፕላስቲክ አምፖሉ ላይ ይጠቀልላሉ፤ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ለመብራት ተብሎ የተሠራ ሰማያዊ ጄል (ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ) እንኳ ከመብራቱ ራቅ ብሎ፣ አየር እንዲያልፍ ሆኖ ነው የሚሰቀለው። የሃሎጅን አምፖል ስትቀይሩም እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ መስታወቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆናችሁ ፈቃዱን ከአስተዳዳሪው አስቀድማችሁ ያዙ፣ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ሥሩ፣ የትራይፖዱን እግር ከመቅረዝና ከጧፍ አርቁ። ሥዕሉን ለማድመቅ ተብሎ ፓውዛ ማስጠጋት ክልክል ይሁንባችሁ፤ ሙቀቱ ያረጀ ቀለምን ይጎዳል። ብርሃኑ ካነሰ ሻተሩን አርዝሙ እንጂ መብራት አታስጠጉ።

ሻተሩ በርካታ ሰከንድ ሲሆን ሴንሰሩ ራሱ ይሞቅና ደማቅ ነጠብጣቦች ይጥላል። ያን ጊዜ ካሜራው ላይ ለረጅም ሻተር ተብሎ የተሠራውን የኖይዝ መቀነሻ አብሩ። ካሜራው ከፎቶው ቀጥሎ በጨለማ ሌላ ፎቶ አንስቶ ነጠብጣቡን ይቀንሳል፤ 10 ሰከንድ ያነሳችሁት 20 ሰከንድ ይፈጃል። «ካሜራው ተንቀረፈፈ» ብላችሁ አታጥፉት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*ፎቶው በሙሉ ሰማያዊ ሆነ።* ፊልተሩ ታስሮ ዋይት ባላንሱ «አምፖል» ላይ ቀርቷል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ታረመ ማለት ነው። ሮው ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል፤ ጄፔግ ከሆነ ድጋሚ አንሱ።

*ጨለም አድርጌ አንስቼ በኋላ አደምቀዋለሁ።* ይህ የፊልተሩን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። በኋላ ማድመቅ ኖይዙንም ማድመቅ ነው።

*የአምፖሉ ምስል በፎቶው ሌላ ጥግ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።* መስታወቱ ያንጸባረቀው ነው። ካሜራውን ጥቂት አዙሩ ወይም አምፖሉን ከፍሬሙ አውጡ፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ካለ የሌንስ ጥላ አድርጉ። ፊልተሩ ላይ የጣት አሻራ ካለ ይብሳል።

*ቢጫ ኤልኢዲ ስር ሞከርኩት፣ ለውጥ የለም።* ኤልኢዲ ብርሃኑን የሚሠራው ከሰማያዊ ምንጭ ተነስቶ ስለሆነ ቢጫው እንኳ የራሱ የሰማያዊ ጉብታ አለው፤ በቀለሞቹ መካከል ግን ክፍተት አለ። ያን ክፍተት ፊልተር አይሞላውም። ካላችሁ 80ሲን ሞክሩ፣ በ12ኛው መሠረት አነጻጽሩ፣ ጥቅም ካላያችሁ ያለ ፊልተር ሥሩ።

*በፎቶዎቹ መካከል ቀለሙ ይለያያል።* የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ እያለ ነው። ግራጫውን ካርድ በየተወሰነ ጊዜ መልሳችሁ አንሱት።

ጧፍና ሻማ ብቻ ሲሆን

የሻማ ብርሃን 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው። ብዙ ካሜራ ዋይት ባላንሱ ከ2500 በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ያለ ፊልተር ፎቶው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል፣ ሰማያዊ ቻናሉም ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። 80ኤ ሲታሰር ያው ብርሃን 2500 አካባቢ ይደርሳል፣ ካሜራው ሊያርመው የሚችልበት ወሰን ላይ ማለት ነው። ሙሉ ነጭ አታድርጉት፤ የጧፍ ብርሃን ትንሽ ሞቅ ብሎ ሲቀር ነው የሚያምረው። ነበልባሉ ስለሚወዛወዝ የዘገየ ሻተር እዚህ ላይ ጥቅም አለው፣ ብርሃኑን ያመጣጥነዋል።

ፊልተር ካላገኛችሁ

ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ፣ ምንም ሳትቀይሩ፣ ያንኑ ፎቶ 4 ጊዜ አንሱ። ፎቶሾፕ ውስጥ አራቱን በሌየር ደራርቡና ግልጽነታቸውን ከታች ወደ ላይ 100፣ 50፣ 33፣ 25 በመቶ አድርጉ። የአራቱ አማካይ ይወጣል፣ ኖይዙም በግማሽ ይቀንሳል። ሰማያዊውን ብቻ ለይቶ አይረዳም፣ ሥራውም በኮምፒውተር ላይ ይረዝማል፤ ነገር ግን ዋጋ የለውም፣ ነጸብራቅም አያመጣም። ፊልተሩ ከተገኘ በኋላም ሁለቱን በአንድነት መጠቀም ይቻላል፦ በ80ኤ 4 ፎቶ አንስቶ ማዋሐድ። ለኅትመት የሚሄድ ትልቅ ሥዕል ሲሆን እኔ የምሠራው እንዲህ ነው።